የጅብ ጥላ ያበቀለው ግድግዳ

እንጉዳይ ለማብቀል አንድ ክረምት ሙሉ ለፋሁ። ጭድ ቀቀልኩ፣ ፌስታል ሰቀልኩ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ረጨሁ፤ እምቢ አለኝ። ማንም ያልለመነው የጭቃ ግድግዳ ግን አበቀለ። ያውም በጎረቤታችን ሳሎን በኩል፣ ከቡፌያቸው ጀርባ። ይህን ለሰው ሳወራ ሰው ይስቃል። እኔ እስካሁን መሳቅ አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ግድግዳውን ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ ከእሱ ነው። ኮልፌ ያለው ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። ከጓሮ በኩል የተቀጠለች አንዲት ክፍል አለችው፤ ድሮ ማገዶና ከሰል ይቀመጥባት ነበር። የክፍሏ አንዱ ግድግዳ የጎረቤታችን የሳሎን ግድግዳ ነው። አባቴና የጎረቤታችን ባል፣ ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም፣ እንጨት ለመቆጠብ ብለው በጋራ ያቆሙት ነው። እንጨቱ አንድ፣ ፊቱ ሁለት። በእኛ በኩል ያለውን ፊት እናቴ ለእንቁጣጣሽ ትለስነዋለች። በእሳቸው በኩል ያለውን ጎረቤታችን ረመዳን ሲገባ ያስለስኑታል። እኛ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም፤ ግድግዳው ግን የሁለታችንንም በዓል ያከብራል። በዓመት ሁለቴ አዲስ ልብስ ይለብሳል፤ ከእኔ ይሻላል።

ተራም አለው። እናቴ ለእንቁጣጣሽ ከለሰነች ቀጣዩ ተራ የጎረቤታችን ነው፤ እሳቸው ለረመዳን ካስለሰኑ ቀጣዩ የእኛ ነው። በሰው ተራ ሚስማር እንኳ አይመታም፤ ምክንያቱም ከወዲህ ሲመታ ከወዲያ ልስኑ ይረግፋል። አምና ክረምት ጎረቤታችን ቴሌቪዥን ለመስቀል ሚስማር ሊያስመቱ ሲሉ እናቴ በራቸው ላይ ቆማ «ተራው የኔ ነው፣ እትዬ፤ እንቁጣጣሽ ይለፍ» ብላ ከለከለቻቸው። ቴሌቪዥኑ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከረመ። እሳቸው መሬት ፍራሽ ላይ ቁጭ ብለው ነበር የሚያዩት።

የግድግዳውን ውስጥ ግን ያየ ሰው የለም። የሚሰማ ነገር ነበር። ቤቱ ጸጥ ሲል ከውስጡ ቀር፣ ቀር የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ነቀዝ ነው። ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ሥር እንደ ሽሮ የደቀቀ የእንጨት ዱቄት እናገኛለን። እናቴ ትጠርገዋለች። «እንጨት ነው፤ እንጨት ይነቅዛል» ትላለች፤ አለቀ። ምስጡ ደግሞ ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ የጭቃ መንገዱን ይዘረጋል። እሷ ትፍቀዋለች፤ ከዚያ አየር ጤና ሰፈር ካሉት ጋራዦች በላስቲክ ጠርሙስ የተቃጠለ ዘይት ለምና ታመጣና በስንጥቁ ሁሉ ታፈስበታለች። ምስጡ አጠገቡ ሌላ መንገድ ይሠራል። በኛ ሰፈር መንገድ ጀምሮ የሚጨርስ ምስጥ ብቻ ነው።

«እማ፣ ይሄ ግድግዳ ይከፈትና እንጨቱ ይታይ» ስላት፣

«የተሸፈነ ነገር አይገለጥም» ትለኛለች። እናቴ አየር ጤና ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች፤ ከላይ ጥሩ ጥሩውን መደርደር የሥራዋ አንድ ክፍል ነው። ለግድግዳም ያንኑ ነው የምታደርገው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ የትም አላስገባኝም። ቤት መቀመጥ ደግሞ አልችልም። ተፈጥሮዬ ነው፤ ቁጭ ካልኩ እጮሃለሁ። ዕቃ አጥቤ ሳልጨርስ ልብስ እዘፈዝፋለሁ፣ ልብሱን ሳላሰጣ ወጥቼ እሄዳለሁ። ከሁለት ታናናሽ እህቶቼ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነበር የምተኛው፤ አንዷ ትራገጣለች፣ አንዷ ተኝታ ታወራለች። ያቺን የጓሮ ክፍል የፈለግኋት ለዚህ ነው። በር ዘግቼ የምቆጣበት ቦታ እንዲኖረኝ።

ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች የእንጉዳይ ስልጠና አለ ሲባል ሄድኩ። አሰልጣኙ እድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ በስልኩ ፎቶ ያሳየናል። «እንጉዳይ ማለት ሞኝ ሰብል ነው» አለን። «ጭድ፣ ውሃ፣ ጨለማ፤ በቃ።» እኔም አመንኩት። ሞኙ ማን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ቤት መጥቼ ለእናቴ ነገርኳት። ድንች እየመረጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«የጅብ ጥላ ልታበቅዪ?»

«እንጉዳይ ነው የሚባለው፣ እማ።»

«ስሙን ስለቀየርሽው ጅቡ አይሄድም።»

«ሆቴሎች ይገዙታል። ለፍልሰታ ይደርሳል፤ በጾም ሰው እንደ ሥጋ ነው የሚበላው።»

«እንደ ሥጋ ከሆነማ ጾም ያስገድፋል።»

ከእሷ ጋር መከራከር ግድግዳውን እንደ መምታት ነው፤ አይደለም፣ ግድግዳው ይሻል እንደነበር በኋላ ታያላችሁ። ስነዘንዛት፣ ስነዘንዛት በመጨረሻ ድንቹን አስቀመጠችና ፈረደች። «እስከ መስቀል ያዣት። ከመስቀል በኋላ አከራያታለሁ፤ ጋራዥ የሚሠራ ሰው ጠይቆኛል። ከዚያች ክፍል ሰው የሚበላው ነገር ከወጣ ግን ላንቺ ትሁን፤ አልነካሽም።»

«ሰው ማለት ማን ነው? አንድ ሰው ቢበላው ይበቃል?»

«አንድም ይሁን። ብቻ ጅብ አይሁን።»

ስለዚህ ጉዳዩ ቀላል ነበር። እስከ መስቀል አንድ ሰው የሚጎርሰው እንጉዳይ፤ ከዚያ ክፍሉ የኔ ነው።

ጭዱን ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ ከብት ከሚያደልቡ ሰዎች ገዛሁ። ማዳበሪያ ሙሉ የጤፍ ጭድ ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ልገባ ስል ረዳቱ በሩን ተደግፎ አየኝና «እህት፣ በሬው የታለ? እሱም አብሮ ይሳፈር እንጂ» አለኝ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እግሬ ሥር አድርጌው ተቀመጥኩ፤ አየር ጤና እስክንደርስ አንዲት ሴትዮ ከነጠላቸው ላይ ጭድ እየለቀሙ ረገሙኝ።

በርሜል ተውሼ ጭዱን ቀቀልኩት። ጭሱ ዓይኔን አጠፋው። ካሰልጣኙ የተሰጠኝን ዘር፣ ዘር የሚሉት የተቀቀለ ማሽላ ላይ የተራባ ነጭ ነገር ነው፣ በፌስታል ውስጥ ከጭዱ ጋር እያነባበርኩ ሞላሁና ከጣሪያው ማገር ላይ በገመድ አንጠለጠልኩት። ክፍሉ ሥጋ ቤት መሰለ። መስኮቱን በካርቶን ዘጋሁ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አካባቢ ደስ ይል ነበር። ነጩ ነገር ከማሽላው እየተነሳ፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ፣ ክር ክር እያለ ጭዱን እያቀፈ ይሄዳል። በቀን አሥር ጊዜ ገብቼ አየዋለሁ። የሆነ ነገር በእጄ ሲሳካ አይቼ አላውቅም ነበርና ለማንም አልተናገርኩም፤ እንዳይቀናብኝ።

ከዚያ አረንጓዴው መጣ። መጀመሪያ አንድ ፌስታል ጥግ ላይ፣ የሳንቲም ያህል። በማግስቱ የእጅ መዳፍ አከለ። ሻጋታ ነው። ከሻጋታው ጋር ዓይን ውስጥ የሚገቡ ደቃቅ ዝንቦች መጡ፤ ከዝንቦቹ ጋር ሸረሪት መጣ፤ ከግድግዳው ስንጥቅ ደግሞ ሲነኩት እንደ ኳስ የሚጠቀለል ግራጫ ነፍሳት እየወጣ ፌስታሎቹ ሥር መሰብሰብ ጀመረ። ለእንጉዳይ ያዘጋጀሁትን ቤት ከእንጉዳይ በስተቀር ሁሉም ወደደው።

አሰልጣኙ ጋ ደወልኩ።

«እጅሽን ሳትታጠቢ ነክተሽው ነው» አለኝ።

«ታጥቤያለሁ! ቆዳዬ እስኪላጥ ታጥቤያለሁ!»

«ክፍሉስ ንጹሕ ነው? ግድግዳው ምንድን ነው?»

«ጭቃ።»

«አይ፤ እሱ ውስጥማ ካንቺ በፊት የገቡ አሉ» ብሎ ዘጋው። ይህን ስልጠናው ላይ ቢነግረን ምን ነበረበት?

ፍልሰታ ገባ፣ ፍልሰታ ወጣ። እናቴ ምሳ ላይ ሽሮዋን እየበላች «ሥጋሽ የታለ?» ትለኛለች። እህቶቼ ይንፈቀፈቃሉ። ነሐሴ ሲያልቅ ፌስታሎቹን ሁሉ አውርጄ፣ ቀድጄ፣ ጭዱን ጓሮ ጥግ ከመርኩና «አውጥታችሁ ጣሉት፤ ዓይኔ አይየው» ብዬ ወጣሁ። ሥራ ፍለጋ አየር ጤና ያሉትን ሱቆች ሳንኳኳ ዋልኩ። አንዱ ኮምፒውተር ትችያለሽ አለኝ፤ አንዱ ፈገግ ማለት ትችያለሽ አለኝ። ሁለቱንም አልችልም።

ዝናብ ደብድቦኝ ስመለስ እናቴ ጓሮ ውስጥ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እስከ ባቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ትረግጣለች። ለእንቁጣጣሹ ልስን ጭቃ እያቦካች ነው። ሽታው ቀድሞ መጣልኝ፤ የእንጉዳይ ሽታ። ጭዴን ነው የጨመረችበት።

«እማ! ምን እያደረግሽ ነው? እሱ እኮ ተበላሽቷል፤ ታሟል!»

«ጭድ አይታመምም» አለች እየረገጠች። «እንዲያውም መቀቀልሽ ጥሩ ሆኗል፤ ለስልሷል። ከእስከ ዛሬው ሁሉ ቶሎ ቦካልኝ። ጎበዝ።»

ጎበዝ! ዕድሜዬን ሙሉ በምሠራው ነገር ጎበዝ ብላኝ አታውቅም። ያለችኝ ቀን ለጭቃ ሆነ።

ጭቃው ሰንብቶ ሲቦካ የጋራውን ግድግዳ ለሰነችው። ሲደርቅ ደግሞ ኖራ ቀባችው። በእኛ በኩል ግድግዳው እንደ ሙሽራ ነጣ። የተከራይ ዓይን ይስባል አለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ። እንቁጣጣሽ አለፈ።

መስቀል ሊደርስ ሲል ከሰዓት ላይ ጎረቤታችን ከበራቸው ተጣሩ። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ድሮ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸውና ድምፃቸው እስካሁን የገበያ ድምፅ ነው።

«አንቺ ልጅ! ነይ እስቲ ወዲህ!»

ሄድኩ። ሳሎናቸው ውስጥ ቡፌው ከነብርጭቆው ከግድግዳው ተነጥሎ መሀል ወለል ላይ ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ ከቡፌው ጀርባ በጣታቸው እያመለከቱ።

አየሁት። ከግድግዳው ላይ ግራጫ፣ ወፍራም፣ እንደ ጆሮ የተደራረበ፣ ከመዳፌ የሚበልጥ እንጉዳይ ወጥቷል። አንድ አይደለም፤ በዘለላ ነው። ስልጠናው ላይ በፎቶ ያሳዩን ቁርጥ እሱ። በኛ በኩል ኖራው ሲዘጋበት በእሳቸው በኩል፣ ጨለማና እርጥብ ወዳለበት ወጥቷል። ምራቄን ዋጥኩ። ከንዴት ነው።

«እንጉዳይ... ይመስላል፣ እትዬ።»

«ይመስላል? ሳሎኔ ውስጥ ይመስላል የሚባል ነገር ይብቀል? እኔ እኮ ሰው አድርጎብኝ ነው ብዬ ቁርአን ሳስቀራ ሰነበትኩ! ማን ነው ብዬ ሰፈሩን ሁሉ በልቤ አማሁ። ለካ አንቺ ነሽ!»

«እኔ አይደለሁም፤ እናቴ ናት። ጭዱን...»

«እናትሽ ናት! ይቺ የሚስማሯ ሴትዮ! ወላሂ እሷ በሚስማር ከልክላኝ በጅብ ጥላ መጣችብኝ!»

ከግራጫው ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነበር፤ ቡናማ፣ እንደ ጫማ ተረከዝ የደረቀ፣ እንደ መደርደሪያ ከግድግዳው ወደ ፊት የወጣ። ጎንበስ ብዬ ነካሁት።

«ይሄኛው ግን የኔ አይደለም።»

«ታዲያ የማነው?»

«የግድግዳው። ከእንጨቱ ነው የወጣው።»

«እንዴት ነው፣ እዚህ ቤት የኔ የሆነ ነገር የለም?» አሉና ወገባቸውን ያዙ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ይበላል?» አሉኝ።

እኔም እሱኑ ነበር የማስበው። የእናቴ ፍርድ አንድ ሰው ነው ያለው። ቆርጬ ወስጄ፣ በሽንኩርት ጠብሼ፣ ፊቷ ቁጭ ብዬ አንድ ጊዜ ብጎርስ ክፍሉ የኔ ነው። ከክፍሉ ነው የወጣው፤ ግድግዳውም የክፍሉ ነው። እጄ ወደ ዘለላው ሄዶ ነበር። ግን እዚያው አጠገቡ ያ ቡናማው ቆሟል። ከምን እንደ በቀለ የማታውቁትን አትብሉ ብሎ አሰልጣኙ የነገረን ትዝ አለኝ፤ ከነገረን ነገር ሁሉ እውነት የነበረው ይሄው ይመስለኛል። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

«የኛ ዘር ነው የሚመስለው። የት ነው ያበቀልሽው? በጣም አምሯል!»

«ግድግዳ ላይ።»

«ግድግዳ? እንጨቱ የተቀባው ነገር አለ? መድኃኒት ምናምን?»

«የተቃጠለ የመኪና ዘይት። ለምስጡ። በየዓመቱ።»

«አይ፣ አይ፣ አይ። እንዳትነኪው። ያለበትን ሁሉ መጥጦ ነው የሚያድገው። በፍጹም አይበላም።»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ጎረቤታችን ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ። አንድ ክረምት የለፋሁበት ምርቴ ፊቴ ተንጠልጥሎ፣ ጭዱን የወሰደችው እናቴ፣ ያበቀለችው እናቴ፣ የመረዘችውም እናቴ።

«አይበላም» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ልሞክረው ነበር።»

ዘለላውን በፌስታል ጠቅልዬ ቆሻሻ ላይ ጣልኩት። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ባዶ ናት፤ ገመዶቹ ብቻ ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ልቆጣባት ነው የገባሁት። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ በኩል ሽታውን ይዞ ይነፍስ ነበርና በሩን መዝጋቴም ብዙ አልጠቀመኝም። ገመዶቹን መፍታት ስጀምር ከግድግዳው ማዶ ፈቅ፣ ፈቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤታችን ያንን ቡናማውን በመጥረጊያ እንጨት እየፋቁት ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ ጧ አለና፣ ከነጩ ኖራ መሀል፣ በወገቤ ቁመት ላይ፣ የመጥረጊያው እንጨት አፍንጫውን አወጣ።

እሳቸው ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። እንጨቱ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ከተወው ቀዳዳ አንድ ዓይን መጣ።

«አንቺ ልጅ፤ እዚያ ነሽ?»

«እዚህ ነኝ፣ እትዬ።»

«እኔ ነካ ነው ያደረግሁት። በአላህ፣ ነካ ብቻ። እንጨቱ የት ሄደ?»

«የቱ እንጨት?»

«የግድግዳው ነዋ!»

ጣቴን አስገብቼ ልስኑን ጎተትኩ፤ እንደ ቂጣ ተገነጠለ። እሳቸውም ከዚያ በኩል ጎተቱ። ሁለታችንም አየን። እንጨት የለም። ማገሩ ቅርፁ አለ፤ ሲነኩት ግን እንደ ደረቀ ዳቦ እጅ ላይ ይፈረፈራል። ቋሚው ውስጡ ተቦርቡሮ ቧንቧ ሆኗል፤ በቧንቧው ውስጥ ነጫጭ ምስጦች ቅዳሴ አልቆ እንደሚወጣ ሕዝብ ወዲያና ወዲህ ይተራመሳሉ። ግማሽ ጣት የሚያህል፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ወፍራም ትል ብርሃን ሲያገኘው ተጠቅልሎ ተኛ። ያ የሚጠቀለለው ግራጫ ነፍሳት ከነልጅ ልጁ እዚያ ነበር። በሁሉም መሀል ደግሞ የኔ ነጭ ክር፣ ፌስታል ውስጥ እምቢ ያለኝ፣ ከጭዱ ተነስቶ የበሰበሰውን እንጨት እንደ ጥጥ አቅፎታል። ዘይት ያልነካው ቦታ ሁሉ ነዋሪ ነበረው። ቤታችን ውስጥ ተራ ሳይጠብቁ፣ ሳይጣሉ የሚኖሩ እነሱ ብቻ ናቸው።

ያ ግድግዳ በምን ቆሞ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ሁለቱ ልስኖች ነበሩ፣ የእናቴና የጎረቤታችን፣ ተደጋግፈው የቆሙት።

እናቴ ድምፃችንን ሰምታ ገባች። ቀዳዳውን አየች። ከቀዳዳው ወዲያ ጎረቤታችንን አየች። ወጣችና በሳፋ ጭቃ ይዛ ተመለሰች።

«እማ፣ ምንድን ነው?»

«ከልስኑ የተረፈ ነው። ሳይደርቅ ልድፈነው፤ የጋራዡ ሰውዬ በመስቀል ማግስት ሊያያት ይመጣል።»

ያኔ ነው የጮህኩት። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም። እንጨት የሌለው ግድግዳ ላይ ጭቃ ትለጥፊያለሽ ወይ፣ ሰውዬው ላይ ቢወድቅበትስ፣ ጭዴን ወሰድሽ፣ ምርቴን በዘይት መረዝሽ፣ አሁን ደግሞ ክፍሌን በጭቃ ልትደፍኚብኝ ነው፤ እንዲህ እንዲህ። እናቴ ሳፋውን እንደያዘች «ጨረስሽ?» አለችኝ። አልጨረስኩም ነበር።

«ውሉ ውል ነው» አለች። «ሰው የሚበላው ነገር ወጥቷል? አልወጣም። መስቀል ደርሷል? ደርሷል። ዞር በይ።»

ዞር ልል ነበር። እውነቷን ነው፤ ውሉ ውል ነው። ጭቃውን በእጇ ዝቃ ወደ ቀዳዳው ልትሰነዝር ስትል ከወዲያ ድምፅ መጣ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

እናቴ እጇን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። «ልድፈነው ነዋ፣ እትዬ። ብርድ እንዳይገባብዎት።»

«እንቁጣጣሽ አልፏል ወይስ አላለፈም?»

«አልፏል።»

«ታዲያ ተራው የማነው?»

ጭቃው ከጣቶቿ መሀል ጠብ ጠብ ይላል።

«እትዬ፣ ቀዳዳ እኮ ነው! ሳሎንዎ ወለል ብሎ እየታየ!»

«ቀዳዳም ቢሆን ግድግዳ ነው። ተራው የኔ ነው። ረመዳን ሲገባ በብሎኬት አሠራዋለሁ፤ የባሎቻችንን እንጨት እንደሆነ ምስጡ ጨርሶታል። እስከዚያ ግን ከዚህም ከዚያም ማንም ጣቱን አያሳርፍበትም። ቴሌቪዥኔ ወንበር ላይ ሲከርም ምን ነበር ያልሽኝ?»

«እስከ ረመዳን! ታዲያ ሰውዬውን ምን ልበለው? ቀዳዳ ያለበት ክፍል ማን ይከራያል?»

«ማንም አይከራይም» አሉ ጎረቤታችን። «ማን ይከራያል? እኔ ባዕድ ወንድ ሳሎኔን ሲያይ ልዋል? ልጂቱ ትሁንበት። እሷን ለምጄአታለሁ፤ ጩኸቷንም ጭምር።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ምንም አላደረግሁም፤ እውነቴን ነው፣ ፊቴ ላይ እንኳ ምንም አላሳየሁም፤ ግን «እናንተ ተማክራችሁ ነው» አለች። ሳፋዋን ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ «በይ አጠና ግዢና ደግፊው፤ ወድቆባችሁ ሁለታችሁም ስታልቁ እኔ ነኝ የምጠየቀው» አለችኝ።

አጠና ገዝተን በዚህም በዚያም በኩል ደገፍነው። የጋራዡ ሰውዬ በመስቀል ማግስት መጣ፤ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ሲያስገባ ቀዳዳው ላይ ከጋረድነው መጋረጃ ጀርባ ጎረቤታችን አሳሉ፣ «ማነው?» አሉት፤ እግሩን መልሶ አወጣ። ደግሞ አልመጣም።

እኔ አዲስ ዘር ተቀበልኩ። አዲስ ጭድም ከዓለም ባንክ አመጣሁ፤ ረዳቱ ያው ሰው ነበር፣ «በሬው ተሻለው?» አለኝ። ግድግዳው ላይ የተቃጠለ ዘይት የሚያፈስ ሰው ከመጣ እሳት እለቅበታለሁ ብዬ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ክፍሉን ጥግ እስከ ጥግ ኖራ ቀባሁት፤ በጋራው ግድግዳ በኩል በትልቅ ላስቲክ ለየሁት፤ ለቀዳዳው ብቻ ቦታ ተውኩለት፣ ጎረቤታችን አይዘጋም ስላሉ። ፍራሼንም አስገባሁ። አንድ አልጋ ላይ የሚራገጥብኝ የለም።

በር ዘግቼ የምቆጣበት ቦታ ግን አላገኘሁም። መጋረጃው ጠዋት ሳይነጋ ይገለጣል። አንዴ ስለ ስኳር ዋጋ፣ አንዴ ስለ ምራታቸው፣ አንዴ ደግሞ ስለማያዩት ፊልም ያወሩልኛል። ቴሌቪዥኑን ትተው ፌስታሎቼን ነው የሚያዩት። ነጩ ክር የትኛው ላይ እንደ ደረሰ ከእኔ በፊት ይነግሩኛል።

ዛሬ ይህን እየጻፍኩ፣

«አንቺ ልጅ» አሉኝ። «ውሃ ረጨሽላቸው?»

«ረጭቻለሁ፣ እትዬ።»

«አልሰማሁም።»

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሳሁና እንደገና ረጨሁ።